ለጨዋ ልጅ የተወረወረ ኳስ

ልጁን ጨዋ አድርጎ ያሳደገ ሰው ቴኒስ ባያስመዘግብ ይሻለዋል! ሳቁ… እኔ አስመዝግቤ ነው የምነግራችሁ።

የሰባት ዓመቷን ልጄን ሶልያናን፣ እዚሁ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ወዳለች ሜዳ ይዣት ሄድኩ። ራኬት ገዝቼ፣ ነጭ ቁምጣ አልብሼ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ! አሠልጣኙ ወጣት ነው። ራኬቱን ተቀበለኝና አጥሩ ላይ ሰቀለው።

«ጋሼ፣ ዓይንና እጅ ሳይተዋወቁ ራኬት አይያዝም። መጀመሪያ ኳስ መቅለብ፣ ከዚያ በመዳፍ መምታት።»

መቅለቡ ላይ ልጄን የሚያክል ጠፋ። በሁለት እጇ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ… ቀለብ! «እንደሷ አድርጉ!» አላቸው ልጆቹን። ደረቴን ነፋሁ።

መምታቱ ሲመጣ ጉድ ፈላ። ኳሱን ይወረውርላታል፤ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነስታ፣ አመስግና ትወስድለታለች።

«ምቺው እኮ ነው የምልሽ!»

«ትልቅ ሰው የሰጠኝን?»

ምን ልበላችሁ… ከትልቅ ሰው በአንድ እጇ የተቀበለች ቀን ጆሮዋን የቆነጠጥኳት እኔው ነኝ!

«እስከ ቅዳሜ መምታት ካልጀመረች ከጓደኞቿ ተለይታ ከሕፃናቱ ጋር ትሆናለች» አለኝ አሠልጣኙ። ልጄ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች።

ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ካልሲ እየጠቀለልኩ ወረወርኩላት።

«የመጣውን ሁሉ ምቺ!»

«የትልቅ ሰውም ቢሆን፣ አባዬ?»

«የጳጳስም ቢሆን!»

ምነው ያኔ አፌን በያዝኩት!

ቅዳሜ… ጧ! ኳሱ አጥሩን ዘሎ ሐይቅ ገባ። ሶልያና ከጓደኞቿ ጋር ቀረች፤ እኔም እንባዬን በሻርፕ ደብቄ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ የንስሐ አባታችን መምሬ ላቀው ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግረው መጡ። እሳቸው ደግሞ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ከጓሯቸው ሎሚ ለቅመው ነው። ገና ከበሩ ሶልያናን ሲያዩ ትልቁን ሎሚ መዳፋቸው ላይ አድርገው ዘረጉላት።

«እንቺ ልጄ፣ ጎብዘሻል አሉ።»

ልጄ ጉልበቷን ሸብረክ አደረገች። ተመስገን፣ ጨዋነቷ አልጠፋም ብዬ ሳልጨርስ… ጧ! ሎሚው ጣሪያ ነክቶ ለምሳ የቀረበው ወጥ ውስጥ ገባ።

የምገባበት ጠፋኝ። «አባታችን፣ ይማሩን… እኔ ነኝ ያስተማርኋት!»

መምሬ ባዶ መዳፋቸውን አዩ። ቀጥሎ በሌላው እጃቸው የያዙትን መስቀል አዩና ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

«እንኳንም መስቀሉን አላስቀደምሁ!»