የተኳለ ቤት

ሰው ሁለት ቤት አለው፤ የሚኖርበትና እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሆኑ ልዩነታቸው አይታይም እንጂ፣ እንግዳ በሩን ሲያንኳኳ የልጅ ጫማ በእግራችሁ ወደ ሶፋ ሥር ገፍታችሁ የምታውቁ ሁሉ የምለው ይገባችኋል። እንግዳው ቤቱን ሊገዛ የሚመጣ ከሆነማ አስቡት። ያኔ ጫማ ብቻ አይደለም የሚደበቀው።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ጅዳ ወደብ ጆንያ በመሸከም የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ አራት የዕቃ ማመላለሻ መኪና አለኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የስንት ቤት ዕቃ ጭኜ እንዳወረድኩ ብትጠይቁኝ ቁጥሩን እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ግን አታምኑኝም። እዚህ ሐበሻ አገሩ ሊገባ ሲነሣ የተከራየውን ቤት ከነዕቃው ለሌላ ያስተላልፋል፤ ዐረቦቹ ተቅቢል ይሉታል። ገዢ እንዲወደው ቤቱን አሰናዳልን እያሉ የሚጠሩት እኔን ነው። "ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል" በሚለው አምን ነበር። አዎ፣ ነበር።

ዘይነብ የጠራችኝ የመውጫ ቪዛዋ ሊያልቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ኦብሑር በሚባለው የጅዳ ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ፣ ኋላም ባል አግብታ ይህችን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ያደራጀች የወሎ ልጅ ናት። ባሏ ቀድሟት አገር ገብቷል። በዕቃው ዋጋ ሦስት የልብስ ስፌት መኪና ገዝታ ኮምቦልቻ ሱቅ ልትከፍት አስባለች፤ ካልተሸጠላት ግን ሶፋውን መንገድ ላይ ጥላ ባዶ እጇን መግባቷ ነው። ሦስት ገዢዎች መጥተው፣ አይተው፣ "እንደውላለን" ብለው ሄደዋል። እንደውላለን ብሎ የሄደ ገዢ ሲደውል እስካሁን አላየሁም።

ሥራ ጀመርኩ። ከሳሎኑ አሥራ አራት ትራስ፣ ሦስት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያና አንድ የሰርግ ፎቶ አወጣሁ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ፎቶው ደግሞ ምን አደረገዎ?"

"ገዢዋ የራሷን ባል ነው ማሰብ ያለባት፤ ያንቺን አይደለም።"

የተሰነጠቀውን የወለል ንጣፍ በምንጣፍ፣ የረጠበውን ግድግዳ በመስታወት ሸፈንኩ። የሶፋውን የጎደለ እግር በጡብ ደግፌ ጨርቅ አለበስኩት። መካ ሆቴል ዕቃ ሳደርስ እንዳየሁት ፎጣ በዳክዬ ቅርጽ አጥፌ አልጋው ላይ አኖርኩ፤ አንገቱ እየወደቀ ሦስቴ ሠራሁት። በመጨረሻም "የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንቺ ዝም በይ" አልኳት።

ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሐያት የምትባል ሴት ከመካ፣ ከጀርወል ሰፈር መጣች። ባሏ ጅዳ ሥራ አግኝቶ ቤት ይፈልጋሉ። በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን ቃኘችና፣ "ሲያምር" አለች።

ማሻአላህ አላለችም።

የኛ አገር ሰው ያልሆናችሁ እንድትረዱኝ፦ ማሻአላህ ሳይባልበት የተወደሰ ነገር ዓይን ይበላዋል፤ መድኃኒቱም ባለቤቱ ቶሎ ብሎ ማጣጣሉ ነው። "ልጅሽ እንዴት ያምራል" ሲሏት "ኧረ ይሄ ፉንጋ" የምትል እናት ታውቁ የለ? እኔ የግድግዳውን ምስማር ሁሉ ቆጥሬ ይህችን ረሳሁ።

"ኧረ ምኑ ያምራል" አለች ዘይነብ። "የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል።"

አሳልኩ።

"ሶፋው ግን ጥሩ ነው" አለች ሐያት።

"በጡብ ነው የቆመው። ጨርቅ ያለበሱት ጋሽ ሰይድ ናቸው።"

"መስታወቱስ?"

"ከኋላው ግድግዳው ርጥብ ነው። ዝናብ ሲመጣማ ወላሂ ይብሳል።"

የተሰነጠቀውንም ወለል ምንጣፉን ገልጣ አሳየቻት። አራት ጉድለት ቆጠርኩ። ሰባት ጊዜ አሳልኩ። "ውሃ ላምጣልዎ?" አለችኝ ዘይነብ። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ከፊቴ ሲሄዱ ይታዩኝ ነበር።

ሐያት ወደ መኝታ ቤት ገብታ ዳክዬውን በአንገቱ አነሣችው፤ ፈታችው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እኔ ሆቴል ነው የምሠራው፤ በቀን አሥራ ስድስት ክፍል አሰናዳለሁ" አለች። "ዳክዬ የሚሠራው ዓይን ከፍራሹ እንዲርቅ ነው። ይህን በበሩ በኩል ሳይ፣ እዚህ ቤት ስንት ነገር ተደብቋል ብዬ ምንጣፉን ልገልጥ ነበር። እሷ ገለጠችልኝ።" ወደ ዘይነብ ዞረች። "ሌላስ አለ?"

ዘይነብ አሰበች። "የላይኛዋ ጎረቤት ከንጋት፣ ከፈጅር ሰላት ጀምራ ታወራለች።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ሰው ሁሉ።"

"ደግ፤ እዚህ ማንንም አላውቅም፣ እሷ ታስተዋውቀኛለች። ኸላስ፣ እወስደዋለሁ።"

ለቧንቧውና ለሶፋው እግር ከዋጋው ተቀነሰ፤ ሦስት ሊሆን የታሰበው የስፌት መኪና ሁለት ሆነ። እስከ ወደብ ጭኜ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ገንዘብ አልተቀበልኳትም፤ ይህን እንዳታወሩብኝ። ዛሬ ኮምቦልቻ ሁለቱም ይሠራሉ፤ በአንደኛዋ ዘይነብ ትሰፋለች፣ በሁለተኛዋ ባሏ ቀጥ ያለ መስመር መስፋት ይማራል።

እኔም ከዚያ ወዲህ ቤት ሳሰናዳ ምንም አልሸፍንም። የሚጠገነውን እጠግናለሁ፤ የቀረውን ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዲናገር አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ ሰው ሦስቱንም ክፍል አዟዙሮ ካሳየኝ በኋላ ተጨነቀ። "ጋሽ ሰይድ፣ የእኔ ቤት እኮ ምንም አይጎድለውም። ምን ልናገር?"

ሚስቱ ከሥራ ስንት ሰዓት እንደምትገባ ጠየቅኩትና እስክሪብቶዬን አውጥቼ ልጠብቃት ተቀመጥኩ።