ከሰው ጉሮሮ የማይወጣው ድምፅ

ሞት፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ አንድ ጊዜ ሆኖ የሚያልቅ ነገር ነው። ለቅሶ ይደረሳል፣ ንፍሮ ይቀመሳል፣ ድንኳኑ ይፈርሳል፣ በቃ። ይህን የሁላችንንም ሕግ አልቀበልም ያለ ፍጡር ቢኖር የቴሌቪዥን ጭራቅ ብቻ ነው። እሱ ሲገድሉት ይወፍራል።

ይህን የምለው ከምሬት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስለ ፊልምና ስለ ተከታታይ ድራማ እየተነጫነጭኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ቡራዩ መጥታችሁ «ያ የሚነጫነጨው» ብላችሁ ብትጠይቁ ቤቴ ድረስ ያደርሷችኋል። እንግዲህ አንድ የሳተላይት ጣቢያ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ የውጭ አገር የሳይንስ ልብወለድ ድራማ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ አማርኛ አስተምሮ ያሳይ ጀመር። እኔም ገምግም ተባልኩ። ተቀምጬ አየሁ። ምነው ባላየሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማይ መርከብ የሚዞሩ ሰዎች ከበረዶ ውስጥ የሚወጡ ጭራቆችን ይገጥማሉ። ጭራቆቹ ከስፖንጅ ፍራሽና ከውሃ ጎማ የተሰፉ መሆናቸውን ለማወቅ ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም፤ የአንደኛው ዚፕ ከጀርባው ይታያል። በመጀመሪያው ታሪክ ተቃጥለው ያልቃሉ። ተመልሰው ይመጣሉ። ባሕር ውስጥ ይሰጥማሉ። ይመጣሉ። የሚኖሩባት ፕላኔት ራሷ ትፈነዳለች፤ አንዲት እንቁላል ተርፋ ነበር ይባልና እንደገና ይመጣሉ። የመርከቡ አዛዥ ታዲያ በየጊዜው «አይሆንም! አልቀው ነበር እኮ!» ብሎ እንደ አዲስ ይደነግጣል። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው ይባላል፤ ይህን ሰውዬ ስንቴ እንደነደፈው መቁጠሩን ተውኩት። ደግሞ ጭራቁ የሚራመደው የሐምሌ ጭቃ እንደያዘው አህያ እየተጎተተ ነው፤ ቆማችሁ ጫማችሁን አስራችሁ ልታመልጡት ትችላላችሁ። ጀግናዋ ልጅ ግን ሮጣ ሮጣ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ እግሯን ወለም ይላታል። በየሳምንቱ። ያንኑ እግሯን።

ይህን ሁሉ በሬዲዮ ዘረገፍኩት። እዚያ ላይ ባበቃ ደግ ነበር፤ ግን ንጭንጭ ቁልቁለት ነው፣ አንዴ ከጀመሩት አያስቆምም። ወደ ጭራቁ ድምፅ ዞርኩ። ጭራቁ በአማርኛ ሲናገር፣ እህል ያለቀበት ወፍጮ ባዶውን ሲፈጭ የመሰለ፣ የሚያስፈራ፣ ሲቆይ ደግሞ የሚያሳዝን ድምፅ አለው። እውነቱን ልንገራችሁና ከድራማው ሁሉ ልቤን የነካው እሱ ብቻ ነበር። ይህን ማለት ሲገባኝ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብዬ፣ «ይህ ድምፅ ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው! ተዋንያኖቻችን ሥራ ፈትተው ማሽን እናስለፈልፋለን!» አልኩ። ስልክ የደወሉ አድማጮች «አንጀታችንን አራስከው» አሉኝ። ኮራሁ።

በማግስቱ እሑድ ምሳ ልንቀርብ ስንል የግቢያችን በር ተንኳኳ።

«ቤቶች!»

ባለቤቴ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው። ያው ድምፅ ነው። ወፍጮው። በሩን የከፈትኩት በድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ እሷ ስለገፋችኝ ነው።

የቆሙት ረዥም፣ ጽድት ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ሻርፕ፣ እጃቸው ላይ ከዘራ።

«አካም ጅርታ?» አሉኝ። «ያ የሚነጫነጨው አንተ ነህ?»

«ነ... ነኝ። ይግቡ እንጂ።»

«ከሰበታ ድረስ የመጣሁት ለመግባት አይደለም። ኮምፒውተሩ እኔ ነኝ።»

ብዙ ለምነን ገቡ። ኦቦ ለሚ ይባላሉ። በሰበታ ዙሪያ ሠርግም ሆነ ዕርቅ ያለ እሳቸው ምርቃት አይከፈትም ነበር አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸው ታመመ፤ ቀዶ ጥገናው ነፍሳቸውን አተረፈ፣ ድምፃቸውን ግን እንዲህ አደረገው። ከዚያ ወዲህ «ይመርቁን» ያላቸው ሰው የለም። በክፋት አይደለም፤ «አይድከሙ፣ አይድከሙ» እያሉ ነው።

«ሰው ሲያዝንልህ ዝም እንድትልለት ይፈልጋል» አሉኝ።

እሳቸውም ለዓመታት ዝም ብለው ኖሩ። ልጃቸው ጫልቱ ድራማውን ወደ አማርኛ ከሚመልሱት አንዷ ናት፤ ለጭራቁ የሚሆን ድምፅ ታጥቶ ሁሉም ሲጨነቅ አባቷን ይዛ ሄደች።

«አልተሳቀቁም?» አለቻቸው ባለቤቴ።

«ለምን እሳቀቃለሁ፣ ልጄ? ጭራቅም ቢሆን ሲናገር ይሰማል።»

አሁን ለጫልቱ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ሊላክ ነው። የኦቦ ለሚ ታናሽ ወንድም ኦቦ ቶሎሳ «ለሽማግሌዎቹ መልሱን እኔ ልስጥልህ» ሲሉ ከርመው፣ ድራማው ሰዉን ከድምፁ ጋር ሲያላምደው እሳቸውም ለዘብ ብለው ነበር። ይኼኔ ነው እኔ በሬዲዮ የመጣሁት። «ይኸው ሬዲዮኑም ከሰው ጉሮሮ አይወጣም አለ!» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ቢመለሱስ?»

«የሬዲዮውን በሬዲዮ መልስልኝ» አሉኝ ኦቦ ለሚ፤ ምሳችንን ሳይቀምሱ ሄዱ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ቅዳሜ ማይክራፎን ፊት ተቀምጬ አሸሁት። ስሕተቴን ተናገርኩ፣ ድምፁን አወደስኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ይቅርታ ጠየቅኩ። ስወጣ ቴክኒሻኑ፣ «መብራት ጠፍቶ ማሰራጫው ቆሞ ነበር፤ ማንም አልሰማህም» አለኝ። አያችሁልኝ? ንጭንጩ ሲተላለፍ አንዲት ፊደል አልጎደለም፤ ይቅርታው ለግድግዳ ሆነ!

ምርጫ የለኝም፤ እሑድ ራሴ ሄድኩ። ቡራዩና ሰበታ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ካርታ ላይ። በታክሲ ለሚሄድ ግን አዲስ አበባን በግማሽ ሳይሳለሙ አይደረስም። ከሰልፍ ወደ ሰልፍ ስገለበጥ አርፍጄ፣ አልቦኝ፣ ቤቱን ጠይቄ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቆመው ልጅቷን እየጠየቁ ነበር። ኦቦ ለሚ መሬት መሬቱን ያያሉ። ኦቦ ቶሎሳ ለመልሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆዩ!» አልኩ ከበሩ።

አንድ የማይታወቅ፣ ላብ ያጠመቀው ወንድ፣ ልጅ በሚጠየቅበት ሰዓት በር ላይ ቆሞ «ቆዩ» ሲል ምን እንደሚታሰብ አትጠይቁኝ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ዘወር ብለው፣ «ልጅቷ ሌላ ሰው አላት እንዴ?» አሉ። ጫልቱ ከጓዳ ብቅ ብላ በዓይኗ ቆራረጠችኝ።

«የለም፣ የለም! ድምፁ የሰው ነው! ኮምፒውተር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው!» አልኩ። ይህ ደግሞ ይባሱኑ ለማንም አልገባም።

በዚህ መሃል የሆነ ነገር ባዶውን መፍጨት ጀመረ። ኦቦ ለሚ እየሳቁ ነው። ስቀው ስቀው እንባቸውን ጠረጉና ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ወንድማቸው ክንዳቸውን ሊይዙ ቢሞክሩ በቀስታ አስለቀቁ።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ፤ ከዚያ መልሰው መጡ። ምርቃቱ ጀመረ። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ፣ ከአማርኛ ተመልሰው በኦሮምኛ። መጀመሪያ ላይ «ሃ ተኡ»፣ «ይሁን» የሚለው የሰዉ ምላሽ ያቅማማ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ጮክ ብለው መለሱ፣ ቤቱም ተከተላቸው። ለዓመታት የተጠራቀመ ምርቃት ነውና ቶሎ የሚያልቅ አይደለም። ሙሽሮቹን መረቁ። ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን፣ መንገደኛውን መረቁ። ሐኪሙን መረቁ። በመጨረሻ ከዘራቸው ወደ እኔ ዞረ።

«ይህን ከቡራዩ የመጣ እንግዳችንን ደግሞ፣ ከእንግዲህ የማያውቀውን ከመናገር ዋቃዮ ይጠብቀው!»

«ሃ ተኡ!» አለ ቤቱ በሙሉ፤ ከሁሉ ድምፅ የጫልቱ ይበልጥ ነበር። እኔም አብሬ አልኩ፤ የሽማግሌ ምርቃት እምቢ አይባልም። ምን እንዳልኩ የገባኝ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ይህቺ ምርቃት ከደረሰች ቅዳሜ ከሰዓት ምን ልናገር ነው?

ተመስገን፣ እስካሁን አልደረሰችም።