የግድግዳ ሚኒስትሯ

በየትኛውም የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ባዶ ግድግዳ ሲያዩ ራሳቸውን የሚያማቸው አንድ ሰው አይጠፉም። ውሃ ሊጠፋ ይችላል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል፤ እኒህ ሰው ግን አይጠፉም። ቤትዎ ገብተው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሶፋው፤ ከዚያ ወደ እርስዎ። ሦስታችሁም ያለ ቦታችሁ እንደተቀመጣችሁ ከፊታቸው ይነበባል።

የእኛ ሕንፃ ለዚህ ጉዳይ ክብርት ሚኒስትር አሉት። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ ተከራዮቹ ነን፤ መጀመሪያ በሐሜት፣ በኋላ ፊት ለፊት። «ሚኒስትሯ» ስንላቸው አይቆጡም። እንዲያውም ሲያንሰኝ ነው በሚል አኳኋን አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። የእንጀራ ሥራቸው የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይነት ነው፤ ስልክ ያነሳሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ጉንጩ ያበጠውን ያጽናናሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ። መዶሻቸውን በድምፁ አውቀዋለሁ።

ቤቱን የተከራየሁ ሰሞን ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ወንፊት እንደሌለኝ እየነገርኳቸው እሳቸው ቀድመው መሀል ክፍሉ ላይ ቆመዋል። ወንፊቱ ሰበብ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

«ይሄ ጠረጴዛ ምን አጥፍቶ ነው ጨለማ ውስጥ ያሰርከው?» አሉኝ።

ዕቃ ያወረዱት ሰዎች እንዳስቀመጡት እንደተውኩት ነገርኳቸው። የኪራይ ቤት ስለሆነ ብዙም አልደከምኩበትም ብዬ ጨመርኩ። ይህን መጨመር አልነበረብኝም። ሚኒስትሯ ቀስ ብለው ሶፋዬ ላይ ተቀመጡና የመሥሪያ ቤታቸውን መመሪያ አወጁልኝ።

«ስማ ልጄ፤ ቤቱ የኪራይ ነው። ኑሮው ግን የኪራይ አይደለም።»

ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ጥጉ ሄደ። ጠረጴዛው ወደ ብርሃኑ መጣ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚጋጨው ቁም ሳጥን ፈቀቅ አለና በሩ ከተሠራ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። እሳቸው ያዛሉ፤ እኔ እገፋለሁ። ሲሄዱ ወገቤን ይዤ ተቀመጥኩና ዙሪያዬን አየሁ። ያው ቤት፣ ያው ዕቃ፤ ክፍሉ ግን ሰፍቷል። አንዲት ነገር አልተገዛችም። እኔን ያናደደኝ ይኸው ነው።

መግዛት በሚኒስትሯ ሕግ የመጨረሻው መጨረሻ ነው። «ሰው የሚገዛው ማሰብ ሲደክመው ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ያለውን ዕቃ ቦታ መቀየር፤ ካልሆነ ማጠብ፤ እሱም ካልሆነ መገልበጥ። የማይገለበጥ ነገር ስለመኖሩ እስካሁን ማስረጃ አላገኙም።

የእሳቸው ክፍል ከእኔው በስንዝር አይበልጥም። መጋረጃቸው ያረጀ አንሶላ ነው፤ ከሻይ ቅጠል ጋር ቀቅለው የማር መልክ አስይዘውታል። የሰቀሉት ከመስኮቱ በላይ፣ ከኮርኒሱ ሥር ጀምረው ስለሆነ ዝቅ ያለው ክፍል አንገቱን ቀና ያደረገ ይመስላል። የአልጋቸው ራስጌ ጎረቤት የጣለው በር ነው፤ እጀታው እንኳ አልተነቀለም፤ መነጽራቸውን ያንጠለጥሉበታል። የቲማቲም ድልህ ጣሳዎች ነጭ ተቀብተው፣ ቅጠል ይዘው መስኮቱ ላይ ተሰልፈዋል። ትይዩው ግድግዳ ላይ መስታወት አለ። «የሰጡኝ አንድ መስኮት ነው፤ ሁለተኛውን ራሴ ከፈትኩት» ይላሉ።

በእሳቸው ምክንያት በሕንፃችን ቆሻሻ መጣል የድፍረት ሥራ ሆኗል። እግሩ የተሰበረ ወንበር አውጥቼ ነበር፤ ዘበኛው ቤት ውስጥ መደርደሪያ ሆኖ ጠበቀኝ። ኮሌታው ያለቀ ሸሚዜን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ፣ ግራ ቀኙን አይቼ ጣልኩት። ከጊዜ በኋላ ምድር ቤት የምትኖረው ጸጉር ሠሪ ሻይ ጋበዘችኝ። የተደገፍኩትን ትራስ ባየው ባየው መስመሩ የማውቀው ሆነብኝ። ኪሱ ሳይቀር አለ። የገዛ ሸሚዜን ተደግፌ ሻይዬን ጠጣሁ። ምን እላለሁ? ከእኔ ላይ ይልቅ እዚያ ያምራል።

ክሊኒኩም ከሥልጣናቸው አልዳነም። በመጠባበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተቦረቦረ ጥርስ ሥዕል፣ የራስ ቅል አክሎ፣ ከነደሙ ተሰቅሎ ነበር። በሽተኛው እሱን እያየ ተራውን ይጠብቃል፤ አንዳንዱም ተራው ሳይደርስ ይጠፋል። ሚኒስትሯ አንድ ቀን ሥዕሉን አወረዱና ከስፌት የተራረፉ ባለቀለም ጨርቆችን በአሮጌ ፍሬም ወጥረው ሰቀሉ። ሐኪሙ ተቆጡ፤ ሥዕሉ ለትምህርት ነው አሉ። እሳቸውም እዚህ የሚመጣ ሰው ጥርሱ መታመሙን ሌሊቱን ሙሉ ሲማር ያደረ ነው ብለው መለሱ። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ትምህርቱ ወደ መጸዳጃ ቤቱ በር ጀርባ ተዛወረ፤ ሐኪሙም ከዚያ ወዲህ ስለ ጨርቆቹ አላነሡም።

በዚህ ሁሉ የሚስቁባቸው ሰዎች አሉ። ኪራይ ለመክፈል የሚንገዳገድ ሰው ስለ መጋረጃ ማሰቡ ቅብጠት ነው ይላሉ። እኔ ይህን የሚሉትን አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ቤታቸው ያማረ ነው። ድሃ ዓይን የለውም ያለው ማነው? ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሲገርፈው የዋለ ሰው፣ ማታ ደግሞ የገዛ ግድግዳው ሊገርፈው ነው?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሕንፃችን ደረጃ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነበር። መስኮት ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሰው በዳበሳ ይወርዳል። አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው፣ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው የራሳቸው ደረጃ ጣላቸው። አጥንታቸው ተረፈ፤ ልባቸው ግን አልተረፈም። ከዚያ ቀን ወዲያ መውረድ ተዉ። ዳቦውን ጎረቤት ያመጣላቸዋል። እሳቸው በራቸውን ከፍተው ወንበር ላይ ይቀመጡና የሚወጣ የሚወርደውን በኮቴው እየለዩ ይውላሉ።

ሚኒስትሯ ጉዳዩን ለሕንፃው አስተዳዳሪ አመለከቱ። አስተዳዳሪውን እኛ የምናውቃቸው አቶ ክልክል በሚል ስም ነው፤ የሚለጥፉት ወረቀት ሁሉ በዚያ ቃል ይጀምራል፣ በዚያ ቃል ያልቃል። ምስማር ክልክል፤ ቀለም ክልክል፤ የአበባ ጣሳ ደረጃ ላይ ክልክል። ስለ አምፖሉ ሲጠየቁ የሕንፃውን ባለቤት አስፈቅዳለሁ አሉ። ደግመው ሲጠየቁም ገና እያስፈቀዱ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ሚኒስትሯ በየበሩ አንኳኩ። የጠየቁት ገንዘብ አይደለም፤ በየቤቱ የተረፈ ቀለም ነው። ከእኔ ነጭ ወሰዱ፤ ከጸጉር ሠሪዋ የበሯን ቢጫ ትራፊ አገኙ። ክልክል መሆኑን አስታወስኳቸው።

«መውደቅስ ተፈቅዷል?» አሉኝ።

ብሩሹን ሳልፈልግ ተቀበልኩ። ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ነጭ ቀባን፤ የየደረጃውን ጠርዝ እሳቸው በቢጫ አሰመሩት፤ ዓይኑ የደከመ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እንዲያይ። በመጨረሻ የሠሩትን ግን ማናችንም አልጠበቅንም። ባለቤታቸው በሠርጋቸው ሰሞን ያመጡላቸውን ቁም ሳጥን ባለመስታወት በር ነቅለው አወረዱና ደረጃው መታጠፊያ ላይ አሰሩት። ከላይኛው መስኮት የሚመጣው ብርሃን መስታወቱን መታና ወደ ታች ተወረወረ፤ ያ ጨለማ ጉሮሮ ወለል አለ። አይቆጩበትም ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሽበታቸውን ለማየት የእጅ መስታወት እንደሚበቃቸው ነገሩኝ።

በማግስቱ ፖስተኛው ወረዱ። አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ ዓይናቸው ቢጫው ላይ። ማንም አልደገፋቸውም፤ ሁላችንም ግን በራችንን ገርበብ አድርገን እናይ ነበር። ውጭው በር ደርሰው ትንፋሻቸውን ዋጡና መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ፣ ማዶ የነበረው ጫማ ሰፊ የት እንደሄደ ጠየቁ።

አቶ ክልክል ደረጃውን ሲያዩ መጀመሪያ የተሳሳተ ሕንፃ የገቡ መስሏቸው ወጡ። ተመልሰው ሲገቡ ግን ትእዛዝ ይዘው ነበር፦ ወይ ደረጃው ወደ ግራጫው ይመለሳል፣ ወይ ሚኒስትሯ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ይለቃሉ። ነገሩ አስፈራኝ። በዚያ ዕድሜ ሌላ ቤት ፍለጋ መንከራተት ቀልድ አይደለም። ቤታቸው ወጥቼ፣ በአንዲት ይቅርታ የሚበርድ ነገር ነው ብዬ መከርኳቸው። መርፌያቸውን ክር እያጎረሱ አዳመጡኝ።

«ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ግራጫውን?»

አቶ ክልክል ወሩ ሲያልቅ ቀለም ቀቢ ይዘው መጡ። ሚኒስትሯ ከክሊኒኩ ፈቃድ ወስደው፣ ወንበራቸውን መታጠፊያው ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጠው ትራስ ይሰፋሉ። ተነሡ ሲባሉ፣ መቀመጥ ክልክል ነው የሚል ወረቀት እስካሁን አላየሁም አሉ። ይህ ክርክር ሳያልቅ ከላይ ኮቴ ተሰማ። ፖስተኛው ናቸው። ቀስ እያሉ ወረዱና ከወንበሩ አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ጸጉር ሠሪዋም ድምፅ ሰምታ እጇ እንደረጠበ ወጣች፤ ግማሽ ራሷ የተሠራላት ደንበኛም ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጥላ ተከተለቻት። እኔ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር፤ የተቀመጥኩት መንገዱ ስለተዘጋ ነው። እስከ ዛሬም የምናገረው ይህንኑ ነው።

ቀለም ቀቢው እኛን አየ፤ አለቃውንም አየ። የተቀጠረው ግድግዳ ሊቀባ እንጂ ሰው ሊቀባ እንዳልሆነ ተናግሮ ባልዲውን አስቀመጠና እሱም ተቀመጠ። አቶ ክልክል ስልካቸውን አወጡና የሕንፃውን ባለቤት ጠሩ።

ባለቤቲቱን በስም እንጂ በዓይን አናውቃቸውም ነበር። መጡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልቅ ሴት ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቢጫውን ጠርዝ እያዩ ወጡ። መስታወቱ ፊት ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ይህን ያደረገው ማነው ብለው ጠየቁ።

ሚኒስትሯ ትራሱን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ድምፃቸው አልጮኸም።

«እኔ ነኝ። ቢያስጠፉት ደግሜ እቀባዋለሁ። ቢያስወጡኝም ከውጭ እየመጣሁ እቀባዋለሁ።»

ባለቤቲቱ ፖስተኛውን አዩ፤ ፎጣ የለበሰችውን ሴት አዩ፤ ወደ ታች፣ የወጡበትን ደረጃ አዩ።

«መስታወቱ በደንብ ታስሯል?» አሉ።

«በቡሎን ነው ያሰርኩት።»

«ሰው ላይ እንዳይወድቅ» አሉና መውረድ ጀመሩ። እታች ለአቶ ክልክል በጆሯቸው የነገሯቸውን አልሰማንም። በማግስቱ ግን አምፖሉ ተተካ። ቤት ስለመልቀቅ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። የተገዛውን ግራጫ ቀለም ሚኒስትሯ ወስደው የግቢውን ዝገት የበላው የብረት በር ቀቡበት፤ ግራጫም ቦታውን ካገኘ እንደሚያምር አመኑ። አቶ ክልክልም አልተሸነፉም። መታጠፊያው ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፉ፦ መስታወቱን መንካት ክልክል ነው።

የእኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። በቅርቡ አንድ ደላላ ለሥራዬ የሚቀርብ፣ አሳንሰር ያለው አዲስ ሕንፃ ላይ ክፍል አገኘልኝ። ሄጄ አየሁት። ምንም አይወጣለትም። አስቤ እነግርሃለሁ አልኩት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ ኖሯል፤ ሚኒስትሯ ለቀናት ደጄን አላንኳኩም። ከላይ የመዶሻ ድምፅ ጠፋ። ስንት ጊዜ የተማረርኩበት ድምፅ ሲጠፋ ቤቱ ውስጥ የሰው እጥረት ያለ መሰለኝ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ተከትለውኝ ገቡ። አንገታቸው ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር አለ። ሰላምታም የለም። ወንበሬን ስበው መስኮቱ ሥር አቆሙና ወጡበት። ምን እንደሚለኩ ጠየቅኳቸው።

«መጋረጃ ልሰፋልህ አስቤ ነበር» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ። «የሚሄድ ሰው ግን መጋረጃ ምን ያደርግለታል?»

ሜትሩን ከላይ እንደያዙት ቆዩ።

«እስከ መስኮቱ ነው፣ እስከ ወለሉ?» አሉ በመጨረሻ።

ወንበሩ እንዳይንሸራተት እግሩን ያዝኩላቸው።

«እስከ ወለሉ ያድርጉት» አልኳቸው።