የሻለቃ ባሩድ እንዴት አነሰ?

ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰዎች የተነገረንን ቁጥር እንዳለ ማስተላለፍ አይሆንልንም። ሐኪም በቀን ሁለት ኪኒን ዋጡ ሲል "ኧረ ይከብዳል፣ አንዱ ይበቃል" እንላለን። የሠርግ ካርዱ አስር ሰዓት ካለ በአስራ አንድ ሰዓት ሻወር እንገባለን። ቁጥር ለእኛ የክርክር መነሻ ነው። እኔም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ፣ ይሄ ጠባያችን ማንንም አይጎዳም ብዬ አምን ነበር፤ ሻለቃ ደምሴ ባሩድ እስኪያልቅባቸው ድረስ።

ሻለቃ ከእኔ ብዙ ሳይርቁ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ድሮ ሠራዊቱ ውስጥ የተኩስ አሰልጣኝ ነበሩ፤ አሁን ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት ይቆርጣሉ። ፓርኪንግ ውስጥ ስማቸው "ሄይ" ነው። ቁልፍ የጠፋበትም፣ መኪናው የጠፋበትም "ሄይ" ይላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከስፕሪንግፊልድ ወጣ ብሎ ያለ የተኩስ ክለብ ይሄዳሉ። እዚያ "ሜጀር" ናቸው። በዚህ አገር ማዕረጋቸው የሚታወሰው እዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ የክለቡ ዓመታዊ ውድድር ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ጡረተኛ አሜሪካዊ ሳጅን "ሜጀር፣ በዚህ ዕድሜ እጅ መንቀጥቀጡ አይቀርም" ብሎ ነካክቷቸዋል።

ሻለቃ ጥይት አይገዙም፤ ራሳቸው ይሠራሉ። ጎማ ቤት የሚሠራ ወዳጃቸው ጎማ ባላንስ ለማድረግ ቸርኬ ላይ የሚለጠፈውን የእርሳስ ብረት ያጠራቅምላቸዋል። እሱን ጓሮ አቅልጠው፣ ቅርጽ ውስጥ አፍስሰው አረር ያወጣሉ። ከዚያ ባዶውን ቀለህ ባሩድ ሞልተው አረሩን ይገጥሙበታል። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ እርሳሱ ሲቀልጥ ባዩ ቁጥር ያማትባሉ። "የሰው ባል ጓሮ ወጥቶ ባርቤኪው ያደርጋል" ይላሉ።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሻለቃ የለመዱት ባሩድ ከሱቁ ጠፋ። ሻጩ ሌላ ዓይነት አንስቶ "ይሄ ይተካዋል" አላቸው። ባሩድ ደግሞ በርበሬ አይደለም፤ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም። የሚለካው በግሬን ነው፤ አንድ ግሬን ማለት አንዲት የስንዴ ቅንጣት ብትመዝን ነው። መጽሐፋቸውን ሲያገላብጡ አዲሱ ባሩድ አለ፤ ግን መዳብ ለለበሰ አረር ብቻ። እንደሳቸው ቀልጦ ለተሠራ እርሳስ አንድ መስመር ዳታ የለም። ስለዚህ እኔ የባሩዱን ፋብሪካ ኮል እንዳደርግ ታዘዝኩ፤ እንግሊዝኛህ ይሻላል ተብዬ። ይሻላል የተባለው ታክሲ ስለምነዳ ነው።

አርባ ደቂቃ ጠብቅ ተብዬ ሆልድ ተደረግኩ። በመጨረሻ ድምፁ የረጋ አንድ ሰውዬ መጣ። የሽጉጡን ዓይነት ጠየቀኝ፤ የአረሩን ክብደት ጠየቀኝ፤ ስንት ግሬን እንደሚሞላ ቁጥሩን ሰጠኝ። በግምት እንዳትጨምሩ፣ በግምትም እንዳትቀንሱ አለኝ። ይሄን ሁለት ጊዜ ነው ያለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና ቁጥሩን የጻፍኩበትን ወረቀት አየሁት። ነገ አንድ ነገር ቢፈነዳ "ቁጥሩን ማን ነገራቸው?" ሲባል የሚጠራው የኔ ስም ነው። ደግሞስ ባሩድ የሚሸጥ ፋብሪካ ብዙ ጨምሩ ቢል ይገርማል? ትንሽ ቀነስኩ። ለነፍሴ ያህል።

ሻለቃ የተማረ ሰው ሳያየው አይሆንም ስላሉ፣ ቁጥሩን ስካይላይን ሰፈር ለሚኖረው ለኢንጂነር ይልማ ነገርኩት። ይልማ የሚያውቀው ድልድይ ነው። ስለ ባሩድ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ካልኩሌተር አለው። ኋላ እንደሰማነው እሱም "ሴፍቲ ፋክተር" ብሎ ለጥንቃቄ ቀንሷል። ከዚያ ሻለቃ ቤት ሲደውል እሳቸው ሥራ ላይ ስለነበሩ መልእክቱን የተቀበሉት እትዬ ጽጌ ናቸው። የሠላሳ ዓመት ባላቸውን ዓይንና ጣት በአንዲት ቁጥር አደራ ሲሏቸው ምን ያድርጉ? እመቤታችንን ጠርተው ቀነሱና ወረቀት ላይ ጻፉላቸው።

የውድድሩ ቀን ሁላችንም ሄድን። ሻለቃ ከረባት አስረዋል። ሳጅኑ ከጎናቸው ነው። ራሳቸው የሠሩትን ጥይት ከክለቡ አባላት አንድ ሁለቱ እየተቀባበሉ አዩላቸው። ተራቸው ሲደርስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወይ ንቅንቅ! ቃታውን ሳቡ።

"ቱፍ" አለ።

ጧ አይደለም፤ ቱፍ። ሕፃን ገንፎ ሲተፋ እንደሚለው። ኢላማው ላይ ምንም የለም፤ አረሩ መንገድ ላይ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ሻለቃ ሁለተኛ አልሳቡም። ሽጉጡን ወደ ኢላማው እንዳቀኑ ግራ እጃቸውን አነሱ። ሁለተኛውን ተኩሰው ቢሆን ኖሮ ሽጉጡ እጃቸው ላይ ሊፈነዳ ይችል እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ዳኛው አረሩን በእንጨት ዘንግ እየመታ አወጣውና ሻለቃን ከውድድሩ አስወጣቸው። ሳጅኑ አልሳቀባቸውም። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ "ምንም አይደለም፣ ኦልድ ማን" አላቸው። ቢስቅ ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሻለቃ ቤት ሳሎን ውስጥ የምርመራ ጉባኤ ተቀመጠ። ያቺን አረር ጠረጴዛው መሃል አስቀመጧት። አንድ በአንድ ቃላችንን ሰጠን። እኔ አመንኩ። ይልማ ስለ ሴፍቲ ፋክተር አብራራ። እትዬ ጽጌ "ላንተው ብዬ እኮ ነው" ብለው አለቀሱ።

ሻለቃ ተነሱብን። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አሉን። ባሩዱን የሠራው ሰው የተናገረውን እናንተ ማን ናችሁና ትሸርፋላችሁ? በጦር ሜዳ ቢሆን ትእዛዝ እንዲህ የሚሸራርፍ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ? ጠላት ያልገደለኝን ሰውዬ በፍቅር ልትገድሉኝ! ግማሽ ሰዓት ወረዱብን። እውነታቸውን ስለሆነ አንገታችንን ደፍተን ሰማን።

እትዬ ጽጌ ዕንባቸውን ጠረጉና ቀስ ብለው፣ "አንተስ?" አሉ። "ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ነው የሞላኸው?"

ሻለቃ አረሯን አነሷት። አገላበጧት። መልሰው አስቀመጧት።

"የኔማ" አሉ፣ "በጣም ትንሽ ናት።"

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የኛው አንበሳ ግን፣ ለካ እሱም እንዝርት ይዞ ከኛ ጋር ሲፈትል ነው የከረመው።