ድምፅ የሌላት ታክሲ በዳገቱ መስመር ታስከፍል ወይስ አታስከፍል

በደል ተፈጽሞብኛል። የዳገቱን መስመር ታሪፍ የምቆርጠው እኔ ነበርኩ፤ ትናንት ማኅበሩ ጆሮህ ደንዝዟል ብሎ ከቦታዬ አነሳኝና ጸሐፊ አደረገኝ። ይህ በመጀመሪያው መስመር ካልሰፈረ አልጽፍም ብዬ ሰፍሯል።

ስብሰባው ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በጎማ ጥገናው ክፍል ተካሄደ። ወንበር ስላልነበረ ተሰብሳቢዎች በጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ሲሆን የተገኙት፦

ሊቀመንበሩ፤
ገንዘብ ያዡ (ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው፤ ሁለት ሥራ ስላላቸው ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል)፤
መካኒኩ፤
የተሳፋሪዎች ተወካይ፣ ልብስ ሰፊዋ፤
ጸሐፊው።

ያለ ድምፅ የተገኘች፦ የኤሌክትሪኳ ታክሲ ሾፌር፣ የጸሐፊው ልጅ።

አጀንዳ አንድ፤ አቤቱታ

ለማያውቅ ይታወቅ ዘንድ፣ በዚህ መስመር ታሪፍ የሚቆረጠው በጆሮ ነው። አድማጩ ኩርባው ላይ ይቆማል፤ መኪናዋ ሞልታ ስትወጣ ብዙ ካቃሰተች ታሪፉ ይጨምራል፣ ካላቃሰተች ይቀንሳል። ባለፈው ሳምንት ኤሌክትሪኳ ስታልፍ አድማጩ፣ ማለትም የዛሬው ጸሐፊ፣ ምንም አልሰማም። ስለዚህ «ድምፅ የለም፤ ድካም የለም፤ ታሪፍ የለም» ሲል ወስኗል። ውሳኔው ትክክል ነበር።

ሾፌሯ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ከጧት እስከ ማታ ጢም ብላ እንደምትሞላ፣ ሰው ሁሉ ግን ሲወርድ «አባትሽ ፈርዷል» ብሏት እንደሚሄድ ተናገረች። በዚህ ከቀጠለ ቅዳሜ መኪናዋን ለሻጩ መልሳ ሥራውን እንደምትተው አስረዳች። መካኒኩም የቤንዚን ታክሲዎቹ ባዶአቸውን ቆመው ዝንብ እያባረሩ መሆኑን አከለ።

ሾፌሯ «አባዬ፣ አንድ ቃል ብትመልስ ምናለ?» ስትል በስብሰባ ላይ አባዬ እንደማይባል ተነገራት። «እሺ፣ ክቡር ጸሐፊ። እራትዎን እዚሁ ጎማ ቤት ይብሉ» ብላለች። ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሁለት፤ የመፍትሔ ሐሳቦች

መካኒኩ አንድ አሮጌ ሞተር ከኤሌክትሪኳ ኋላ ታስሮ እየጮኸ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረበ። ሞተሩን ማን ይጎትተዋል ተብሎ ሲጠየቅ «ራሷ ናታ። ያኔ ደግሞ እውነትም ታቃስታለች» ሲል አብራራ።

ልብስ ሰፊዋ ማቃሰት የሚያስከፍል ከሆነ እርሳቸው በጉልበታቸው ሕመም ከመሳፈሪያው እስከ መውረጃው ሲያቃስቱ እንደሚኖሩ አስታውሰው፣ እስካሁን ያልተከፈላቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄው ወደ ሌላ ቀን ተላልፏል።

ሊቀመንበሩ ሾፌሯ ዳገቱ ላይ በአፏ እንድታቃስት ሐሳብ አቀረቡ። ገንዘብ ያዡ ጉሮሮ ከተጎዳ መድኃኒቱን ማኅበሩ አይችልም ብለው ተቃወሙ። ሊቀመንበሩ ገንዘብ ያዡን ሥርዓት እንዲይዙ አስጠነቀቁ። ገንዘብ ያዡ ተቆጥተው ስብሰባውን ረግጠው ወጡ። ሊቀመንበሩም አብረው ስለወጡ ምልዓተ ጉባኤው ፈረሰ። ልብስ ሰፊዋ ደጅ ድረስ ሄደው «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ከራስ ጋር ተጣልቶ የት ይደረሳል?» ብለው አስታርቀው መልሰዋቸዋል።

ከብዙ ውይይት በኋላ ሾፌሯ በአፏ እንድታቃስት፣ የየማርሹንም ድምፅ መካኒኩ እንዲያስተምራት ተወሰነ። ሊቀመንበሩ ደገፉ፤ ገንዘብ ያዡ ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

መካኒኩ ወዲያው የአንደኛ ማርሽን ድምፅ አሰማ። ከመንገድ ማዶ ሁለት ሰዎች መኪና መጣ ብለው ሸሹ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሳል አቋረጠው። ሾፌሯ «እኔ ሾፌር እንጂ ምጥ የያዛት ሴት አይደለሁም» ብላ ትምህርቱን አልቀበልም አለች። ግትርነቷ ከማን እንደመጣ ልብስ ሰፊዋ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ ሦስት፤ ሙከራ

ተሰብሳቢው በሙሉ ኤሌክትሪኳ ላይ ተሳፈረ። ጸሐፊው ዘወትር ከውጭ የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ያለ ቃለ ጉባኤ ሙከራ የለም ስለተባለ ብቻ ከሾፌሯ ጎን ተቀመጠ።

ዳገቱ ሲጀመር ሾፌሯ አፏን አልከፈተችም። ሊቀመንበሩ በእርሷ ፈንታ ማቃሰት ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ «ሆድዎን ነው? መስኮት ይከፈትልዎ?» ሲሉ፣ መካኒኩ «ተዉአቸው እትዬ፣ ገና ሁለተኛ ማርሽ ላይ ናቸው» አለ።

ኩርባው ላይ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ሞልቶ ቁልቁል መጣ። ሊቀመንበሩም ገንዘብ ያዡም በአንድነት ዝም አሉ። ያኔ መኪናዋ ውስጥ የሚሰማ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሾፌሯ ትንፋሿን ያዘች፤ የጭነት መኪናው ለጥቂት ሳይነካት እስኪያልፍ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው። ጸሐፊው ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። «በየምልልሱ» አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ «ድካም ተሰምቷል። ታሪፍ አለ። ከሌሎቹ እኩል ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ እኔስ ያቃሰትኩት አይታሰብም ወይ ብለው ጠየቁ። አይታሰብም ተባሉ። ልብስ ሰፊዋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋ ከፋይ ሆነዋል፤ ስለ ጉልበታቸው ግን አሁንም እያጉረመረሙ ነበር።

መዝጊያ

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳገቱ አናት ተበተነ። ከመበተኑ በፊት ስለ ማቃሰት፣ ስለ ማርሽ ትምህርትና አድማጩን ስለ ማንሳት ትናንትና ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ተወሰነ። ሊቀመንበሩ ደገፉ፤ ገንዘብ ያዡም ቅር እያላቸው እጃቸውን አወጡ። ታሪፉ የተቆረጠው በጆሮ እንጂ በጉባኤ ስላልሆነ አይሻርም። የጸሐፊው ሹመት ስለተሻረ ግን ይህን ቃለ ጉባኤ የጻፈ ሰው የለም።

ሊቀመንበሩ ስለ ጆሮዬ ለተናገሩት ይቅርታ ጠይቀዋል። ይቅርታው ተመዝግቧል፤ አልተቀበልኩትም። ልጄ መኪናዋን አትመልስም፤ ቅዳሜም ትሠራለች። እኔ ከነገ ጧት ጀምሮ ኩርባው ላይ ነኝ። በእኔ ላይ ስለተደረገው ከእንግዲህ ለማንም አንድ ቃል አልተነፍስም፤ የሚጠይቀኝ ካለም መንገዱን ይቀጥል።