ስሙ የማይጠራው የግራውንዱ ጎረቤታችን

እስቲ «እባብ» በሉ። ከንፈራችሁ ሁለት ጊዜ ይገጥማል፤ በሁለተኛው ላይ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ቃሉ ራሱ «በቃ፣ ከዚህ በኋላ አትናገሩ» የሚል ይመስላል።

የቄስ ትምህርት ቀመስ የሆነ አንድ ወዳጄ ስሙ «ማባበል» ከሚለው የመጣ ነው ይላል፤ ሔዋንን ያባበላት እሱ ነውና። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው። ደስ የሚል ትርጓሜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። ግዕዙ «አርዌ ምድር»፣ የምድር አውሬ፣ ብሎት ያልፋል። ሐረር ብትወርዱ «ሁባብ» ሲሉት ትሰማላችሁ፤ ዓረቦችም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ስም አላቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቃሉ ባሕር ማዶ ሳይቀር ዘመድ ያለው የቆየ ሽማግሌ ነው።

ትርጉሙን ግን እኛው ስንጨምርበት ኖረናል። ፊት ለፊት እየሳቀ ከኋላ የሚነድፍ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ «እባብ ነው» ይባላል። «የልቡን አይቶ እግር ነሳው» ብለን ፈጣሪንም ምስክር እንጠራበታለን። ገጠር ደግሞ ከመሸ በኋላ ስሙ ጨርሶ አይነሣም፤ ከጠሩት ይመጣላ። ይህን የድሮ ሰው ነገር እያልኩ ስስቅበት ኖሬ፣ እዚሁ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ አገኘሁት።

የብሎካችን ኮሚቴ አባል ነኝ። ሥራችን ውሃ ሲጠፋ መደወል፣ ሲመጣ ማመስገን ነው። ግራውንድ የምትኖረው አስናቀች አንድ ጠዋት ከወጥ ቤቷ ጀርባ፣ ከፍሳሽ ቱቦው ሥር፣ እባብ አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሯን ሶፋ ላይ ሰቅላ ነው የምትቀመጠው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የስልክ ቻርጀር እንኳ ያስጮኻት ጀመር።

አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ጋሽ በዳዳ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፤ ሊፍት የለንም። ከፋሲካ ወዲህ ደጅ አልወጡም። ቀብር መድረስ ያቃተው ሽማግሌ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግራችሁም። ልጃቸው በግራውንድ ቤት የሚለዋወጣት ሰው ስትፈልግ ከርማ ተስፋ ቆርጣለች።

«እኔ እለዋወጣለሁ» አለችኝ አስናቀች። «ግን ጋሼ፣ ያንን ስም እንዳታነሳብኝ። እሳቸው ከሰሙ ይቀራሉ።»

ብሎኩ ሁሉ አዘነላትና ተባበራት። በሳምንቱ እባብ የሚለው ቃል ከመካከላችን ጠፋ፤ በቴሌግራም ግሩፓችን ሳይቀር «ያ ነገር» ሆነ። ገጠሬው ስሙን የማይጠራው እንዳይመጣበት ነው፤ እኛ ደግሞ ተለዋዋጭ እንዳይሄድብን። ልዩነታችን ይህችው ናት።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ዝም ብል ሮጠው የማያመልጡትን ሰው እባብ ደጅ ላይ ማስቀመጤ ነው። ብናገር ደግሞ እዚያው ፎቅ ላይ ተዘግተው ሊቀሩ ነው። ደረጃውን የወጣሁት ቃል እየመረጥኩ ነበር።

«ጋሽ በዳዳ፣» አልኳቸው፣ «ታች ቤት ... አንድ የሚሳብ ነገር ታይቷል።»

«ቦፋ?» አሉ በኦሮምኛ። ቀጥለው ለእኔ እንዲገባኝ፣ «እባብ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ጠቆር ያለ፣ አንገቱ ሥር ነጣ ያለ?»

«እንደዚያ ነው ያለችው።»

ፈገግ አሉ። ብሎካችን የቆመበት መሬት የእሳቸው አውድማ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«አውድማው ዳር ድንጋይ ሥር ነበረ» አሉኝ። «ይሄ የልጅ ልጁ ይሆናል። አይጥ ይበላልናል ብለን አንነካውም፤ እሱም አይነካንም። ለነገሩ እሱም እንደኔ የልማት ተነሺ ነው። ምትክ ቦታ ግን አልሰጡትም።»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። «ታዲያ ይወርዳሉ?» አልኳቸው።

«ዛሬውኑ» አሉ።

ቅዳሜ ዕለት የአስናቀች ሶፋ ሲወጣ የጋሽ በዳዳ አልጋ ሲወርድ ደረጃው ላይ ተገናኙና ብሎኩ ግማሽ ቀን መንገድ ተዘጋበት። ሽማግሌውን በወንበር ተሸክመን አወረድናቸው። በማግስቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲሉ ሳይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። አስናቀችም አራተኛ ፎቅ ላይ እግሯን መሬት አሳረፈች።

ኮሚቴያችን ግን መልካም ነገር ከጀመረ ማቆም አይችልበትም። ለጋሽ በዳዳ ደኅንነት ሲባል ቱቦው ሥር ያለው ቀዳዳ ይደፈን ተባለ። ሲሚንቶው ተቦካ፤ እኔም ቆሜ አሠራሁ። እሳቸው ሥራው እስኪያልቅ ሲያዩ ቆዩና አመሰገኑን፤ መረቁንም። ግንበኛው ባልዲውን አንሥቶ ሲሄድ ወደ ተደፈነው ቀዳዳ እየጠቆሙ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ፣» አሉኝ፣ «ወዴት ሂድ አላችሁት?»

ይህ ነገር በስብሰባችን ላይ አልተነሣም ነበር።