የአይሶፎት እጥረት

መብራት ጠይቃችሁ ቃል ተሰጥቷችሁ ያውቃል? ቃል መግባት ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ለምደነዋል። ከመዝገበ ቃላት የሚወጣውን ቃል ማለቴ ነው። እኛ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለን ሰፈርተኞች ተሰጥቶናል። ቃሉም «አይሶፎት» ይባላል። አትቆጡ፣ ስድብ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገዳችን አንድም መብራት አልነበረውም። ዳሩን ይዞ ደግሞ አፉን የከፈተ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ጎረቤቴ ሐጅ ኑሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የጣናን ማዕበል ስንት ጊዜ አልፈው፣ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ለሱብሂ ሶላት ሲወጡ ቦዩ ውስጥ ገቡ። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰበረ። ድነው በከዘራ መሄድ ሲጀምሩም ልጆቻቸው በጨለማ እንዳይወጡ ከለከሏቸው። እሳቸው ስለ እግራቸው አንድ ቀን አማርረው አያውቁም። የሚቆጫቸው ሱብሂን ከጀመዓው ጋር መስገድ መቅረቱ ነው። «ቦታዬ ክፍት ሆነ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ አንጀቴን በሉት።

ማመልከቻ ጻፍሁ። እኔ መቼም የፋብሪካ ጸሐፊ ነኝ፤ ማመልከቻ እንጀራዬ ነው። በጠራ አማርኛ፣ ቦይ አለ፣ ሰው ተሰብሯል፣ አንድ መብራት ይተከልልን አልሁ። ዝም። ደገምሁ። አሁንም ዝም። ሦስተኛውን ሐጅን ይዤ ራሴ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወሰድሁ።

የመንገድ መብራት ባለሙያው ከረባት ያሰረ ወጣት ነው። ማመልከቻዬን ወደ ጎን አድርጎ ካርታ ዘረጋ። ካርታው ላይ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡ ክብ መስመሮች አሉ። ሰፈራችን ከአስፋልቱ ጋር በአንድ አይሶፎት ውስጥ ስለሆነ ብርሃናችን እኩል ነው፣ ተጨማሪ አያስፈልግም አለን።

የሐጅ ጆሮ ትንሽ ከበድ ይላል።

«ወላሂ፣ እኔ ሶፋ አልጠየቅሁም ልጄ» አሉት። «መብራት ነው የጠየቅሁ።»

ባለሙያው ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ! ሊቅ መሃይምን ሲታገሥ የሚያሳየው ዓይነት። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ይባላል። አያ ጅቦስ ቢሆን በአማርኛ አይደል የሚያመካኘው?

በቀጥታ ወደ መምህር ይበልጣል ሄድሁ። ኮሌጅ ፊዚክስ የሚያስተምር ወዳጄ ነው። ቃሉን ብነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ለካ የሥነ ፈለክ ሰዎች ቃል ኖሯል! የሩቅ ጋላክሲ ፎቶ ያነሳሉ። መሀሉ ደማቅ ነው፤ ወደ ዳር እየደበዘዘ ይሄዳል። እኩል የሚያበሩትን ነጥቦች በመስመር ሲያያይዟቸው ያ መስመር አይሶፎት ይባላል። የተራራ ከፍታ በካርታ ላይ በመስመር ይሣል የለ? እንደዚያው ነው። ጋላክሲው ክብ ይሁን ሞላላ በዚህ ይለያሉ። ታዲያ የእኛ ቦይ ከመቼ ወዲህ ነው ጋላክሲ የሆነው?

ደግሞ ልብ በሉ። እኩል የሆነው መስመሩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ውስጡ ያለውማ መሀሉ ሌላ፣ ዳሩ ሌላ። በአንድ አይሶፎት ውስጥ ስለሆናችሁ እኩል ናችሁ ማለት፣ በአንድ አጥር ግቢ ስለምትኖሩ ቁመታችሁ እኩል ነው ማለት ነው። መስመሩንስ ማን ወርዶ ለክቶ አሠመረው? እንደሚመስለኝ ሰውየው ቃሉን አንድ ሥልጠና ላይ ሰምቶ፣ ትርጉሙን እዚያው ለሻይ ሲወጣ ጥሎት መጥቷል።

እሾህን በእሾህ አልሁና አራተኛውን ማመልከቻ ጻፍሁ። ጉዳዩ፦ «በሰፈራችን የተከሰተውን ከፍተኛ የአይሶፎት እጥረት ይመለከታል።» ስለ ቦዩ አላነሳሁም። ስለ ሐጅ ቁርጭምጭሚትም አንድ መስመር የለበትም። ይበልጣል ሲያነበው ጮኸብኝ።

«መስመር እንዴት ያጥራል? ይህ እኮ ምንም ትርጉም የለውም!»

ትርጉም ያለውን ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ አልሁት።

ሳምንት አልሞላም። መኪና መጣ፣ ምሰሶ ወረደ፤ ባለሙያው ራሱ ቆሞ አስተከለ። ከዚያ ወደ ጎን ጠራኝና ወቀሰኝ። እጥረት መኖሩን በጊዜው ብታሳውቁን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጉላላችሁ ነበር አለኝ። አመሰገንሁት።

በማግሥቱ ሐጅ ሱብሂን ከጀመዓው ጋር ሰገዱ። ሲመለሱ በሬን አንኳኩተው «አላህ ጀዛህን ይክፈልህ» ብለው መረቁኝ። ፊታቸው በርቷል። ደስ አለኝ፤ አፈርሁም። ሰው ተሰበረ ሲባል ያልሰማ ቢሮ በማይረባ ቃል ሲደነግጥ ማየት ምኑ ያስደስታል? ሁለተኛ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አልጽፍም ብዬ ማልሁ።

መሐላዬ እስከ ቁርስ ቆየ። የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ አድማሱ መጡ። ሐይቅ ዳር ተቀምጠን የቧንቧ ውሃ ከጠፋብን ሦስተኛ ሳምንታችን ነውና ማመልከቻ ጻፍልን አሉኝ። እሺ ብዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረብሁ። ሰፈሩ የተቸገረውን በአጭሩ፣ በጥሩ አማርኛ አስቀምጥላችኋለሁ አልኋቸው።

ጋሽ አድማሱ እጄን ለቀም አደረጉት።

«ኧረ በማርያም! በአማርኛማ በውሃ ጥም እንዳታስጨርሰን!»